የሱሉልታው ችካል እና የማይሄደው ደመና

ኅዳር 18፣ 2008
ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ደመናው ቆሞ ጠበቀኝ። ነፋሱ እንጦጦን ተሻግሮ ሲወርድ እንደ ውሃ ይናጣል፤ ማዕበሉ ከፍ ባለበት ደመና ይሠራል። ነፋሱ ያልፋል፣ ደመናው እዚያው ነው። የማርስ ተራሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ... የነሱ ፎቶ አለኝ። የኛውን ግን ከአንድ ቦታ አሥር ቀን ማንሳት አለብኝ። ዛሬ ስድስት ሆነ። ቀሪዎቹ አራቱ ካልተሟሉ ንጽጽሩ የለም፤ የማስተርስ ዲግሪዬም የለም።
ቦታው እንዳይጠፋብኝ የኦቦ ያደታ ማሳ ዳር ችካል ተከልኩ። ጫፉን ቀይ ቀባሁት።

ኅዳር 20
ኦቦ ያደታ ችካሉን ነቅለው ይዘውት ቆመዋል። "ማነው የላከሽ?" አሉኝ። እኔ ጅሏ! ሰው የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬቴን ሊወስድ ነው ብሎ እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን ቀይ ችካል... ቀያሽ መስያቸዋለሁ።

ኅዳር 24
የማርስን ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ልጃቸው ደጊቱ፣ ተማሪዬ ናት፣ በኦሮምኛ አስረዳችልኝ። ስለ ቬነስም ነገርኳቸው፤ ደመና ስለሸፈናት ምድሯ ከላይ አይታይም፣ ግን ከተራራዋ በላይ ያለፈ የምርምር ፊኛ በነፋሱ ተናውጧል አልኳቸው።
"እዚያስ መሬቱ የማን ነው?"
የማንም አልኩ።
"መሬት ወሳጆቹ ገና አልሰሙም ማለት ነው።"
እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። ችካሉንም አልመለሱልኝም።

ታኅሣሥ 4
በፕላኑ ተቃውሞ መንገድ ተዘግቷል። ጠዋት ተኩስ ነበር። ሁለት ተማሪዎቼ ታስረዋል። እኔ ደግሞ ስለ ደመና አዝናለሁ... አፈርኩ።

ታኅሣሥ 11
ደመናውን በመስኮት አየሁት። ቆሟል። ግን ከዚህ ሆኜ ባነሳው ምን ይጠቅማል? ቦታው ሌላ ነው።

ጥር 6
ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። እውነት ይሆን? ከታሰሩት አንዱ ተፈቷል።

ጥር 8
ዛሬ ደፍሬ ወጣሁ። ችካሉ በድሮ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሟል! ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮለታል። እኔ እኮ ፕላኑ ሲቀር የመለሱት መስሎኝ ነበር። ለካ ከገና በፊት ነው። ደጊቱ ከዚያው ቆማ በሞባይሏ ያነሳችውን አሳየችኝ። የሦስት ቀን ፎቶ። ዘጠኝ!
ለምን መለሱት ብዬ ኦቦ ያደታን ጠየቅኳቸው።
"ተቀምጬ አየሁት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ነፋሱ ሄደ፣ እሱ አልሄደም። አልዋሸሽኝም።" ድንጋዩን እያስተካከሉ፣ "አሁን የተከልኩት እኔ ነኝ። ማንም አይነቅለውም" አሉ።
እንባዬ መጣ። ደመናውም ጠብቆኝ እዚያው ነበር። አሥረኛውን አነሳሁ።