አባባ ባሕር የገቡ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለአቢሊዮ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕርና ሰማይ ተሻግሮ አየርላንድ ድረስ ይምጣልህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? በፋሲካ የጻፍክልን ሳል ለቀቀህ ወይ? የዶሮ ፋብሪካው ቅዝቃዜስ አሁንም እጅህን ያደነዝዘዋል? በደንብ ትበላለህ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አረፍ ብለህ አንብብ፤ እንደ ልማድህ ከመሀል ዘለህ መጨረሻውን እንዳታይ።

ስልክህን ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። የማላውቀው ሰው አንስቶ በእንግሊዝኛ ይቆጣኛል። ቤት ስትቀይር ቁጥሩንም ቀይረህ መሆን አለበት። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የጎረቤታችን ልጅ ፍሎሪንዶ ነው። ማክሰኞ ይበራል፤ የፋብሪካው በር ላይ ውሎ አድሮም ቢሆን እንደሚያገኝህ ምሎልኛል።

ነገሩ የጀመረው በአባባ ጀልባ ነው። ዘንድሮ ጎብኚው በዝቷል። እኔ ጠዋት ጠዋት ሳንታ ክሩዝ መቃብር እወስዳቸዋለሁ፤ ከዚያ የሽመናው ገበያ አዞራቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከክርስቶስ ንጉሥ ሐውልት ሥር አሸዋው ላይ አውርጄ ለአባባ አስረክባለሁ። አባባ በጀልባ ተራራውን ዞረው ከሐውልቱ ጀርባ ያለውን ባሕር ያሳዩአቸዋል። አንተ በነበርክበት ጊዜ እንደነበረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚቀዝፍላቸው የለም። ባለፈው ወር አንድ ቀን እንግዶች ጭነው ሲመለሱ አያታችን ከሥር ብቅ አለና ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከጎኗ የታሰረውን የቀርከሃ ክንፍ በጥርሱ ነክሶ ሰበረው። የምጽፍልህ ውሃው ዳር ተቀምጬ ስለሆነ በስሙ አልጠራውም፤ አዞ የሚለውን ቃል ለጎብኚዎቹ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ትቼዋለሁ።

ማንም አልተጎዳም። እንግዶቹማ ፎቶ እያነሱ ደስታቸውን አልቻሉትም። የእኛ ሰው ግን ምክንያት ይፈልጋል። አያታችን የልጅ ልጁን በከንቱ አይነካም፤ ከነካ ያ ሰው አንድ ያጠፋው ነገር አለ። ይህን ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የባሕሩ ዳር ሰው ሁሉ ሲያማቸው አባባ አልሰሙም ነበር። በመጨረሻ ዓሣ ጠባሿ ኩስቶዲያ አፍ አውጥታ ነገረቻቸው፤ መቼም ምላሷን ታውቀዋለህ። «ቬናንሲዮ፣ አያታችን በጥርሱ ሰላም ያለህ ምን ብታደርግ ነው?» አለቻቸው። አባባ ሳቁ። በማግስቱ ግን ጀልባዋን ከአሸዋው የሚገፋላቸው ሰው ሲያጡ ሳቃቸው ጠፋ። ሌሎቹ ጀልባዎቻቸውን ከእሷ አርቀው አሰሩ።

ወሬው የአያቶቻችን አገር ቪኬኬ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አጎት ማርሴሊኖ የጎሳችንን ቅዱስ ቤት እሱ ዘንድ ባለው ሁለተኛ ቁልፍ ከፍቶ ቢያይ፣ አያቶቻችን ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው፣ መዳፍ የሚያህለው የነሐስ ክብ የለም። የዚያ ቤት ጠባቂ አባባ ናቸው። ዋናው ቁልፍ የሚያድረውም እሳቸው ትራስ ሥር ነው። አጎት እዚህ ድረስ መጣ፤ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ የቀረበለትን ውሃ ሳይነካ ዋለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ከዚያ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ነጮች አሮጌ ዕቃ እንደሚወዱ፣ እኔም ውሎዬ ከነጮች ጋር እንደሆነ እንዲያው ለጨዋታ ያህል አነሳ። አቢሊዮ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልመልስለት ስል አባባ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ።

ከዚያ ተነስተው ቆሙና ያን ቃል ተናገሩ። «የማርያም ዕርገት ለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየ ከአሸዋው ተነስቼ ሐውልቱ ሥር እስካለው ቋጥኝ እዋኛለሁ። ነሐሱን እጄ ወስዶት ከሆነ አያቴ ይውሰደኝ» አሉ። አጎት ማርሴሊኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ውሃውንም ያን ጊዜ አንስቶ ጠጣ። ቄሱ ሰምተው መጡና እግዚአብሔርን መፈታተን ኃጢአት ነው ብለው ለመኗቸው። አባባ እግዚአብሔርን አልነካሁም፣ የጠየቅሁት አያቴን ነው ብለው መለሱላቸው። እኔም ለመንኳቸው፤ አለቀስኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከአፋፍ የሚመለሱ ሰው አይደሉም።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ የጠረጠርኩት አንተን ነው። ከመሄድህ በፊት ቪኬኬ ለመሰናበት ወጥተህ ስለነበር ለትኬቱ ሸጦታል ብዬ ስንት ቀን በልቤ ረገምኩህ። እማማ እህል አትቀምስም፤ ስጠይቃት ሆዴን ይዞኛል ትለኛለች። የፈራችው ለአባባ መስሎኝ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። አባባ ጠዋት ሲወጡ፣ መጥቼ እንዳላይ ከለከሉኝ። ሥራሽን ሥሪ፣ ስመለስ ዓሣ ጠብሰሽ ጠብቂኝ አሉኝ። ሁለት አውስትራሊያውያን ባልና ሚስት ነበሩኝ። ሐውልቱን ካላየን ብለው ስለነበር ደረጃውን ይዣቸው ወጣሁ። ሴትየዋ የመስቀሉን መንገድ ምስሎች አንድ በአንድ ታስነግረኛለች፤ እኔ አፌ ያወራል፣ ልቤ ከታች አሸዋው ላይ ነው። ጫፍ ስንደርስ ቁልቁል አየሁ። ሰዉ በበዓል ልብሱ ዳርቻውን ሞልቶታል፤ አባባ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሲገቡ ነጩ ራሳቸው ይታየኛል።

ቋጥኙ ጥግ ደግሞ እሱ ነበር። ከታች ሆነህ ብታይ ባሕሩ መስተዋት ነው፤ ከላይ ግን እስከ ወለሉ ይታያል። የጀልባ ርዝመት ያለው ጥቁር ነገር አሸዋው ላይ ተኝቷል። የግንድ ጉማጅ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ስል ጅራቱን አንቀሳቀሰ። አባባ ውሃው ጉልበታቸው ላይ ደርሷል። ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን ወደ አታውሮ ደሴት ወሰደው። ሴትየዋ ካሜራዋን አውጥታ፣ ይህ የበዓሉ ሥርዓት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ደረጃውን ቁልቁል ተያያዝኩት። መንገዱ ሲታጠፍ ባሕሩ ይሰወርብኛል፤ እንደገና ሲታየኝ አባባ ይበልጥ ገብተዋል። ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ የቀረበትን ቦታ እስካሁን አላውቀውም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ወንድሜ።

አሸዋው ላይ ስደርስ እማማ ውሃ ውስጥ ናት። እማማ፣ ልብስ ስታጥብ እንኳ ከቁርጭምጭሚቷ አልፋ የማታውቀው፣ በበዓል ቀሚሷ እስከ ደረቷ ገብታለች። አባባን አልጠራችም። ውሃውን ነው የምታናግረው። «አያቴ፣ እኔ ነኝ! እሱን ተወው፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት!» ትላለች። አባባ ሊዋኙ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ድምፅዋን ሲሰሙ ዞሩ። ማዕበል መጣና ጣላት። አባባ ቋጥኙንም መሐላውንም ትተው ወደ እሷ ተመለሱ፣ አቅፈው አወጧት። ከሐውልቱ የወረዱ ጎብኚዎች አጨበጨቡ። የእኛ ሰው መሬት መሬት ያያል። እኔ ብቻ ዓይኔን ከቋጥኙ አልነቀልኩም፤ ምንም አልነበረም። ወደ አባባ እየመጣ ነበር ወይስ ወደ ጥልቁ እየሄደ፣ እሱ ያውቃል። ከላይ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት።

እማማ እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር፣ አጎት ማርሴሊኖ እየሰማ፣ ሁሉንም ተናገረች። አንተ ወደማናውቀው ብርድ ስትሄድ አላስችል አላት። አያቶች ይጠብቁልኝ ብላ ከትራሱ ሥር ቁልፉን ወሰደች፣ ሊሰናበት የሚወጣ ልጄን ልሸኝ ብላ አብራህ ቪኬኬ ወጣች፣ ነሐሱን አመጣችና በጥጥ ጠቅልላ ሰማያዊው ጃኬትህ ገበር ውስጥ፣ ትከሻና ትከሻህ መሀል ሰፋችው። ትዝ ይልሃል? በመጀመሪያው ደብዳቤህ የጃኬቱ ጀርባ እንደ ሳንቃ ደረቀብኝ፣ ማን ነው የሰፋው ብለህ ቀልደህ ነበር። እማማ ያን ስናነብላት ከሳቀችው በላይ ስታለቅስ እኔ ናፍቆት ነው ብዬ አባበልኳት።

ለምን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «አባትሽ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ሰው አይነካም ብዬ አምኜ ነበር። እምነቴ ግን ውሃው ወገቡ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ሆነና አረፈው» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። እንዴት ብዬ እቆጣታለሁ?

አጎት ማርሴሊኖ ከአባባ ሐሜቱን አንስቷል፤ ጥፋቱን ግን ከቤታችን አላነሳም። በልጅ ጀርባ የወጣ በልጅ ጀርባ ይመለሳል ብሏል። በፖስታ አይሆንም፣ በፍሎሪንዶ እጅም አይሆንም። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት አንተ ራስህ ካላመጣኸው የአባባ ስም ከቅዱሱ ቤት ይወጣል፤ ሲሞቱም ከአባቶቻቸው ጎን አይቀበሩም። ቁልፉን ወስዶባቸዋል። እስከዚያ ባሕር እንዳይነኩ ታዘው ጀልባዋ በአፏ ተደፍታ አሸዋው ላይ ተኝታለች። ይህን የምጽፍልህ እሷን ተደግፌ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። በፋሲካ በጻፍከው ደብዳቤ ላይ፣ የአገሩን ብርድ የሚችል ወፍራም ካፖርት ገዛሁ፣ አሮጌውን ጃኬት ከእንግዲህ አልፈልገውም ብለሃል። ያን ቀን እማማ ወገቧ ተቆርጦ የተቀመጠችው ለምን እንደነበር ገና ዛሬ ገባኝ። አቢሊዮ፣ ጃኬቱ የት ነው? ለሰው ሰጥተኸው ከሆነ ሂድና ለምነህ ተቀበል። ጥለኸው ከሆነ ደግሞ የጣልክበትን ቆፍር። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ሌላ ምንም ሳታደርግ ፈልገው።

ኩስቶዲያ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ከትናንት ጀምሮ ለእማማ ዓሣ በነጻ እየላከች ነው፤ ይቅርታ መጠየቂያዋ እሱ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ጃሲንቶ ይናፍቅሃል፤ የጀልባዋን ክንፍ አዲስ ቀርከሃ ቆርጦ ጠግኖታል። ልጆቼ አጎታችን በረዶ ይዞልን ይምጣ ይላሉ። እማማ በግንባርህ ትስምሃለች፤ ስንጠራህ ታለቅሳለች፣ ሳንጠራህም ታለቅሳለች። ነሐሱ ከተመለሰ በዚያ ብርድ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጭንቀቷ አሁንም አልለቀቃትም።

አባባ አጠገቤ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ፤ ምን ልጻፍልዎ ብላቸው መጀመሪያ የያዙትን ቋጠሮ ቋጠሩ። በኋላ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፦ «ጃኬቱ ካለ እንዳያወልቀው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ ለብሶት ይምጣ። ከሌለም ይምጣ። ባሕሩ ውስጥ አብረን እንገባለን።»

እህትህ ኦላንዲና

ዲሊ፣ ከሐውልቱ ሥር፣ የማርያም ዕርገት በዓል ማግስት፣ እሑድ