የመምህር ዮፍታሔ ወልደገብርኤል ዕረፍትና በእጃችን የቀሩት ሁለት ቁጥሮች

የአብነትና አካባቢው ጡረተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ የረጅም ጊዜ አባሉ መምህር ዮፍታሔ ወልደገብርኤል በሰባ አንድ ዓመታቸው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱና ለአካባቢው ነዋሪ የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በልደታ ማርያም ተፈጽሟል።

መምህሩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል።

በ2012 ዓ.ም. ማኅበሩ የአባላትን መረጃ በኮምፒውተር መላክ ሲጀምር፣ መረጃውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚዘጋው መቆለፊያ ምን እንደሆነ የጠየቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። መቆለፊያው ለማንም የሚታይ፣ 155 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው የሰጡት ነው፤ ሁለቱን ያገኘ ሰው መዝገባችንን ያነበዋል።

በ2014 ዓ.ም. በሰንጋ ተራ ኮምፒውተር የሚጠግኑት አቶ ኸይረዲን ሰባት አሮጌ ኮምፒውተሮች አዋሷቸው። መምህሩ ሁለቱን ቁጥሮች ለመፈለግ የተጠቀሙበት መንገድ የወንፊት ስልት ይባላል። እኛ እንደገባን፣ እልፍ አእላፍ ቁጥር ይነፋል፤ ወደ ትናንሽ ቁጥሮች የሚሰባበሩት ብቻ ይቀራሉ፤ መልሱ ከእነርሱ ቅንጅት ይወጣል። አቶ ኸይረዲን «መምህር፣ እነዚህ ሳጥኖች ከእርስዎ በፊት ይሞታሉ» ብለው ሲቀልዱ፣ «አንዱ ከተረፈ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። አምስት ወር ፈጀባቸው።

መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሁለቱን ቁጥሮች በታሸገ ፖስታ አስረከቡን። አብሮት ያለው ደብዳቤ «መቆለፊያው ይቀየር፤ እኔ በአሮጌ ኮምፒውተር ካገኘሁት ሌላውም ያገኘዋል» ይላል።

ደብዳቤው ማኅተም ተመቶበት ፋይል ሆነ። የኮምፒውተር መላኪያውን ሥርዓት ለሸጠልን ድርጅት የጻፍነው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። ድርጅቱ «በቀጣይ ይታያል» አለን፤ ቀጥሎ ቢሮውን ዘጋ። ጥፋቱን ለእርሱ ብቻ ለመስጠት ግን ኅሊናችን እምቢ ብሏል። ነገሩ አልገባንም ነበር፤ አልገባንም ለማለትም አፈርን። ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። መምህሩ በየስብሰባው «ፖስታው እንዴት ሆነ?» ይሉን ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ መጠየቁን ትተውት ነበር።

በመዝገቡ ውስጥ የአባላት ሕመም፣ የሟች ሚስቶቻችን የሐኪም ወረቀት አለ። መቆለፊያው ዛሬ ቢቀየር እንኳ፣ ቀድሞ የተላከውን ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው በእነዚያው ቁጥሮች ይከፍተዋል።

ስለዚህ ልጃቸው ወይዘሮ ኑኃሚን «በአባቴ መቃብር ላይ ሌላ ነገር አትጻፉ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ» ብለው የለመኑንን መፈጸም አልቻልንም። ወደፊትም አንችልም። በሐውልቱ ላይ የሚጻፈው ስማቸውና መምህርነታቸው ብቻ ነው።

ለወይዘሮ ኑኃሚን፣ ለአቶ ኸይረዲንና ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንለምናለን። ለራሳችን ምን ብለን እንደምንለምን ግን አላወቅንም።

ፖስታው እንደታሸገ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ውስጥ ነው። ይቃጠል ያሉ አባላት አሉ፤ ልክ ናቸው። የሰውየው ድካም ያለው እርሱ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እጃችን አልታዘዘልንም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ልደታ፣ አዲስ አበባ