እስኪደርስ ድረስ

ጥቅምት 3
አብርሃ ጅራ፣ ቴሌ ቢሮ። የእርሻ ካምፑ ኔትወርክ ዛሬም ሲቆራረጥ ዋለ። የሰሊጥ አጫጁ በዝቷል፣ መስመሩ ግን ያው አንድ ነው። ነጋዴዎቹ «ፍጥነት ጨምርልን እንጂ!» ይላሉ። የካምፑ ነርስ ኤልሳቤጥ ደግሞ፣ «አንዱዓለም፣ ፍጥነቱ ይቅርብን፤ የላክነው ይድረስ።» ፈጣን፣ ብዙ የሚጭን፣ የማይጠፋ... ሦስቱን በአንዴ ከየት አባቴ ላምጣ?

ጥቅምት 4
የኤልሳቤጥን መረጥኩ። ያልደረሰ መልእክት ካምፑ የኔትወርክ ማማ ላይ ተይዞ፣ እስኪደርስ እየተደጋገመ ይላካል። ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባል የለ? ነጋዴዎቹ ሰደቡኝ። ይስደቡ።

ጥቅምት 8
ያለጊዜው የመጣ ወጨፎ የካምፑን ማማ ዲሽ አዛነፈው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይገባም። ምንም አይወጣም፣ ምንም አይገባም...

ጥቅምት 11
ኤልሳቤጥ በትራክተር መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ስንሻው ሞተ» አለች። ያ ሳቂታ የጎጃም አጫጅ... ነዶ ሲያነሳ እባብ ነድፎት። መኪና ላኩልኝ ብላ ደጋግማ ጽፋ ነበር። ማን ጋ ይድረስ?
«እናቱስ?»
«የአገሩ ልጅ ሊያረዳ ሄዷል። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?»

ጥቅምት 15
ዲሹን አቀናሁት። የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። አንድም አልጠፋም። የኤልሳቤጥ «መኪና ላኩልኝ» ሳይቀር ዛሬ ደረሰ። አፈርኩ።

ጥቅምት 20
የስንሻው እናት፣ እማማ አየሁሽ፣ ቢሮዬ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል።
«የስልኩ ሰው አንተ ነህ ልጄ?» ስልካቸውን ሰጡኝ።
«እማ ደህና ነኝ አትስጊ። አጨዳው ሲያልቅ እመጣለሁ። ስንሻው»
«ከተረዳሁ በኋላ ነው የገባ። ከለቅሶው ተነስቼ መጣሁ። የሞተ ሰው ይጽፋል? ዋሽተውኝ ነው፣ አይደል?»
ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር... ምነው ባላየሁት! ምን ልበል? ዲሽ፣ ወረፋ፣ ማማ? ኤልሳቤጥ ትንገርልኝ ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ኔትወርኩ ሙሉ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሳይሞት የላካት ዘግይታ እንደገባች ነግሬ፣ በራሴ አፍ አረዳኋቸው። ሁለተኛ መርዶ።

ጥቅምት 21
ነጋዴዎቹ ዛሬም መጡ። መስመሩን እንደነበረው ላድርገው ብዬ ተነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል... ይሻላል?
እማማ አየሁሽን ጠዋት አሳፈርኳቸው። በአውቶቡሱ መስኮት ስልካቸውን አቀበሉኝ።
«ይቺ የላካት እንዳትጠፋብኝ አርግልኝ፣ ልጄ።»
«አትጠፋም፣ እማማ» ብዬ፣ መልእክቷን አስቀምጬ ስልኩን መለስኩላቸው። አለማጥፋት እንደሆን እችልበታለሁ።