የቆመ መኪና ጭስ

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1977

ድመቷ ዛሬ ተባረረች። ባሌ ግርማ በጆንያ ከቷት ሥራ ሲገባ ይዟት ሄደና ለአንድ ዘበኛ ሰጣት። የልጃችን የትዕግሥት አስም የመጣው ከድመቷ ፀጉር ነው ብሎ ወስኗል። በወደብ ከተማችን የነዳጅ ማጣሪያ ኦፕሬተር ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ቫልቮቹን በየተራ እየዘጋ መሞከር ልማዱ ነው። መጀመሪያ ትራሷን ዘጋ፣ ቀጥሎ ዓሣ ዘጋ። አሁን ተራው የድመቷ ሆነ።

ውጤቱ፦ ልጅቷ ስታለቅስ ዋለች። ለቅሶው ሳል አመጣ፣ ሳሉ ፉጨት አመጣ። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደረቷ ግን እንደ ሽማግሌ ደረት ሲር ሲር ይላል። ዓይኗ ቀልቷል። አፍንጫዋ ይፈሳል።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ከባድ መኪኖቹ ወደብ ለመግባት በእኛ መንገድ ላይ ይሰለፋሉ። ሞተር ሳያጠፉ። ከንጋት ጀምሮ። የመኝታ ቤታችን መስኮትና የጭስ ማውጫቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ። በዚህ ሐሩር አገር መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ደግሞ እንደ ዳቦ መጋገር ነው። መጋረጃዬ ነጭ ነበር። አሁን ለቀለሙ ስም የለኝም።

ለግርማ ነገርኩት። «እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከነዳጅ ጋር ነው። አሞኝ ያውቃል?» አለኝ። ወዲያው አስነጠሰው። አቧራ ነው አለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ትዕግሥትን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነቡ ትቼ ለማስተማር ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ ደግ ሴት ናቸው። መድኃኒቱን የማያውቁት በሽታ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ስመለስ በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። ስከፍተው ጭስ ተቀበለኝ። ልጄ ጋቢ ተከናንባ የወገርት ሥር ትታጠናለች!

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይ። ጭስ ያመጣውን ጭስ ነው የሚያወጣው።»

ጋቢውን ስገልጠው ከንፈሯ ጠቁሯል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ታቅፌያት በረርኩ። አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ወለቀ፣ አላነሳሁትም። እትዬ ዘነቡ ጫማዬን ይዘው፣ እያለቀሱ፣ ለገብርኤል ጥላ እየተሳሉ ከኋላዬ ይሮጣሉ።

ሆስፒታል እንደደረስን መርፌ ወጓት። ቆይቶ ትንፋሿ መለስ አለ። እሷ ስትረጋጋ እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ቤታችሁ የት ነው?» አለኝ። መኪኖቹ የሚሰለፉበት መንገድ ዳር ነው ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያስረዳኝ ይኼን ነው፦ አስም ያለበት ልጅ የአየር ቧንቧው ቁጡ ነው። ትንሽ ከነኩት ያብጣል፣ ይጠባል። የናፍጣ ጭስ ይነካዋል፤ አቧራም ይነካዋል። ሁለቱ ሲተባበሩ ደግሞ ዓይኑም አፍንጫውም አብረው ይቆጣሉ። ልጅ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ብዙ ይስባል፤ ቁመቱም ለጭስ ማውጫው የቀረበ ነው።

ስለ ወገርቱ ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እትዬ ዘነቡ ኮርኒሱን ያዩ ጀመር።

«ድመትስ?» አለ ግርማ። ከነሥራ ቱታው ሮጦ ደርሶ ነበር።

«ድመትም ሊሆን ይችላል።»

በዚያች ሰዓት እንኳ ባሌ እንዳሸነፈ ሰው አየኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ሐኪሙ ያዘዘላትን ሽሮፕ ወስዳ ደህና አደረች። ጠዋት ግን ሰልፉ እንደገና መጣ፤ ሳሉም አብሮ መጣ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። መስኮታችን ሥር የቆመው መኪና ሹፌር ጎማው ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎን ሞተሩን ያጥፉልኝ። ልጄን አስም አሟታል።»

ዳቧቸውን አስቀመጡ። «ወይኔ የኔ እኅት! ባጠፋው ደስታዬ ነበር። ካጠፋሁት ግን አይነሳም። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ሞቷል። ተገፍቶ ነው የሚነሳው።»

«አይጠገንም?»

«መለዋወጫው የታል?»

ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ። ከዚያ፣ «በባቲ የረሃብተኞች መጠለያ ሳልፍ የማየውን ግን አልነግርሽም። እህሉ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር...» ብለው አልጨረሱትም።

በመጨረሻ «እስቲ ፈቀቅ ልበልልሽ» አሉና መኪናውን ወደፊት ወሰዱት። የእትዬ ዘነቡ መስኮት ሥር አቆሙት። እትዬ ዘነቡ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። በእኛ በኩል የተለቀቀውን ቦታ ደግሞ ከኋላ የነበረው ያዘው። የሱ ጭስ ይብሳል። ጋሽ መኩሪያን ይመለሱልኝ ልላቸው አስቤ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ጓድ አስተማሪ፣ እነዚህ መኪኖች ለተራበ ወገን እህል ያደርሳሉ። አንቺ የመጋረጃ ጥቁረት ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ስለ መጋረጃ ትንፍሽ አላልኩም ነበር! እትዬ ዘነቡ ቀድመውኝ አውርተዋል ማለት ነው።

ቢሆንም ፊቴ ቀላ። የጋሽ መኩሪያ ያላለቀ ንግግር ትዝ አለኝ። ሕዝብ እየተራበ እኔ ስለ ጭስ! ተነሥቼ እስከ በሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ነዳጅ መቆጠብ የእያንዳንዱ ዜጋ ግዴታ ነው የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ዞርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የቆመ መኪና ለማንም እህል አያደርስም። ናፍጣ ብቻ ይጨርሳል። ያ ናፍጣ እኮ ስንት ኩንታል ወሎ ያደርስ ነበር።»

ከዚያ ተነሣና ኮፍያውን አደረገ። የልጄ ሳንባ ያላስነሳው ሰው ለናፍጣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይሁን። በየትኛውም በር ይግባ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ድል! ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። «ቆሞ ሞተር ማስጮህ የሕዝብን ሀብት ማባከን ነው! አጥፋ! አንተም አጥፋ!» መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ጸጥታው ራሱ ጆሮ ይወጋል። ከዚህ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን የእትዬ ዘነቡን ባል ማንኮራፋት ሰማን።

ጋሽ መኩሪያም አጠፉ። ሲያጠፉ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «እንግዲህ ነገ የምትገፊው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ሳቅኩ። ትዕግሥት መስኮቱ ተከፍቶ ተኛች። ግርማ ደረቷ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆየና፣ «ፉጨቱ ቀንሷል። የድመቷ ፀጉር እየጠፋ ነው» አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

መሳቅ አልነበረብኝም።

ሰልፉን ሦስት ቀን ያቆመው የወደቡ በር ጠዋት ተከፈተ። ሰልፉ ሊንቀሳቀስ ሲል የጋሽ መኩሪያ መኪና እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ከኋላቸው ያሉት ጥሩንባ ለቀቁት። ሹፌሮቹ ወርደው ተሰበሰቡ። «ማነው ያስጠፋው?» ሁሉም ወደኔ። እህሉ በኔ ምክንያት ሊዘገይ ነው!

ትዕግሥትን ለእትዬ ዘነቡ ሰጥቼ ከመንገዱ ርቀው ባሕሩ ዳር እንዲውሉ ላክኳቸው። («ወገርት የለም!» «የለም አልኩሽ!») ከዚያ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ወደ መኪናው ኋላ ሄድኩ። ግርማም መጣ። ሹፌሮቹ እያጉረመረሙ ገቡበት። ሊቀመንበሩ ለቁጣ መጥቶ ነበር። አንዱ ሹፌር፣ «ጓድ፣ ትእዛዙ ያንተ ነው፤ ትከሻህስ?» ሲለው ካኪ ኮቱን ሳያወልቅ ከጎኔ ትከሻውን አስጠጋ።

ገፋን። ምንም። እንደገና ገፋን። ተንቀሳቀሰ። «በርቱ! በርቱ!» ይላሉ ጋሽ መኩሪያ ከላይ፣ እንደ ንጉሥ ተቀምጠው። ድንገት ማርሹን ሲያስገቡት መኪናው ተንዘፈዘፈ፣ አጓራ፣ ያደረበትን ጥቁር ጭስ በሙሉ በእኛ ላይ ተፋው።

ጭሱ ሲገፈፍ የሊቀመንበሩ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይታይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሳለ። እኛም ሳልን።

ድምፁ ሲመለስለት፣ «የልጅሽ... ቁመት... የት ድረስ ነው?» አለኝ። ወገቤን አሳየሁት። የጭስ ማውጫውን አየ።

ግርማ ፊቱን እየጠረገ ጋሽ መኩሪያን ተከትሎ ወደብ ገባ። ከማጣሪያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛውን ጠርቶ ሞተሪኖውን አስፈታው። ከወደቀ መኪና የተገኘ ዕቃ ገጣጥመውበት ከምሳ በኋላ በቁልፍ ተነሣ። ባሌ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ተመለሰና፣ «ጭሱም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ከግርማ አፍ ይኼን መስማት ከዕርገት አያንስም።

እሑድ፣ ጥር 19

ጋሽ መኩሪያ እህላቸውን ጭነው ጎህ ሲቀድ ወጥተዋል። ሰልፉ ግን አለ፣ አዲሶች ይመጣሉ። ትእዛዙን የሚሰማም የማይሰማም አለ። ሐኪሙ አስሙ ጨርሶ አይጠፋም፣ ሽሮፑን እንዳታቋርጡ ብሏል። አቧራ የሚያመጣው ነፋስ ሲነሣ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ትዕግሥትን ወደ ጓሮ ክፍል አዛወርናት፤ ጠባብ ነው፣ ከመንገዱ ግን ይርቃል።

ዛሬ ምሳ ላይ ስለ ትናንቱ የባሕሩ ዳር ውሎ ትነግረን ጀመር። «እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አሸዋው ላይ ሲያነጥፉ ሸርጣን ገብቶበት ነበርና ሲለብሱት ጀርባቸው ላይ ወጥቶ እሳቸው ሲጮኹ አንዲት ዓሣ የምትሸጥ ሴትዮ መጥታ ስትይዘው እሷን ነክሷት ሁለቱም ሲጮኹ እኔ ደግሞ...»

«እስቲ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ልጄ!» አለ ግርማ።

እሷ አልወሰደችም፤ ያለ ሳል፣ ያለ ፉጨት ቀጠለች። እኔና እሱ ግን ጉርሻችንን እንደያዝን ተያየን።