ነጭ ሽንኩርት የማይፈራው እባብ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምትናፍቂኝ እማዬ፣

ቤይሩት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ። በስልክ «በቃ፣ ፈርሚላቸውና ይለፍ» ስትዪኝ ስልኩን የዘጋሁት ልጮህብሽ ስላልፈለግኩ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ካዛንቺስ ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ፣ በግድግዳቸው ውስጥ ይኖር የነበረው ሁሉ ወደ እኛ ግቢ ሸሸ። መጀመሪያ አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትሎ እባብ። ርእሰ መምህሩ አቶ ካሳይ መጋዘን ውስጥ ሲያዩት፣ ዘበኛችንን ጋሽ ቢቂላን ነጭ ሽንኩርት አስወቅጠው ወለሉ ላይ አስበተኑ። በማግስቱ እባቡ ሽንኩርቱ ላይ ተጋድሞ ተገኘ።

«ልደት! ባዮሎጂ አይደል የምታስተምሪው? ነይ እንጂ!» አሉኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ቆመው።

ቡናማው የቤት እባብ ነው፣ እማዬ። በዓይኑ በኩል የሚያልፍ ነጣ ያለ መስመር አለው። መርዝ የለውም። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ አይጥ ያድናል፣ ተጠምጥሞ አንቆ ይውጣል። ባነሳው የእጄ አንጓ ላይ ተጠመጠመና ጸጥ አለ። በመስኮት ያዩኝ ተማሪዎች አጨበጨቡ፤ አንዱ በስልኩ ቀረጸኝ። ወስጄ ፍርስራሹ ውስጥ ለቀቅኩት።

ቪዲዮው ወላጆች ዘንድ ደረሰ። ስብሰባ ተጠራ። አንዲት እናት «ልጄን በእባብ ልታስነድፍ!» ብላ ተነሳች። አቶ ካሳይም «እኔ አልጠራኋትም፤ ከቤቷ ይዛው መጥታ ነው» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። የኮታቸው ኪስ ግን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ አጠገባቸው ያለችው ጸሐፊ አፍንጫዋን ይዛለች።

«ታዲያ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ጋሽ ቢቂላ በር ላይ ቆመው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ግን እሳቸውም አልመሰከሩልኝም። አልፈርድባቸውም፣ የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው።

«ከቤቴ አምጥቼው ነው፣ ይቅርታ» ብለሽ ፈርሚ፣ አለዚያ ውጪ አሉኝ አቶ ካሳይ። «ሥራሽ ሲጸና ለእንቁጣጣሽ ጠቅልዬ እገባለሁ» ያልሽኝን አስቤ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየትኛው ፊቴ ክፍል እገባለሁ? ተማሪዎቼ እኮ ማን እንደጠራኝ በጆሯቸው ሰምተዋል። እስክሪብቶውን መለስኩላቸው። ዛሬ ጠዋት መጻሕፍቴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ከነገ እጀምራለሁ፤ ዛሬ ትንሽ ልተኛ። ጎተራ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት፣ አልጋው ግን ለሁለታችን ይበቃል። እማዬ፣ የእንቁጣጣሹን ቲኬት አትሰርዢው።

ሁልጊዜ «ከምድር አውሬ ይጠብቅሽ» ትዪኛለሽ። አውሬውስ ምንም አላደረገኝም። አንቺንም እኔንም ከሰው ይጠብቀን።

ልጅሽ ልደት