«ሁሉም ገብቶኛል» ያልንበት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከቀኑ 10 ሰ.

መረቡን አጥቤ ሰቀልኩ። ቀረሶ አስራ አራት፣ አምባዛ አንድ። መ/ርት ሐያት ዛሬም ድንጋዩ ላይ ቆማለች።

ከት/ቤቱ ጀርባ ወደ ሐይቁ የወጣው ትልቁ ድንጋይ ነው። ስልኳን እንደ ፋኖስ ከፍ ታደርጋለች። ዝቅ አድርጋ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ እንደገና ከፍ። ሦስተኛ ቀኗ። ከጀልባዬ ሆኜ እያየኋት ነው። ምን ታነሳለች? ሐይቁን? ዓሣ አጥማጁን? እኔን ከሆነ በቀኝ በኩል ብታነሳኝ ይሻላል፣ መልኬ ያለው በዚያ በኩል ነው።

ስማኝ ደብተሬ። አንተን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ አንደኛውን መጽሐፍ ስንጨርስ፣ ለጉብዝናዬ። (ለአስራ ስምንታችንም ሰጥታለች። የኔ ግን ሽፋኑ ሰማያዊ ነው።) ስለዚህ በሷ ላይ ክፉ መጻፍ ይከብደኛል። ግን እጽፋለሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ መጻፍ የቻልኩት ዝም ለማለት አይደለም።

የማታ ትምህርት ይሉታል እንጂ የምንማረው ሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰ. እስከ መግሪብ ነው። ቀን የሦስተኛ ክፍል ልጆች በሚቀመጡበት ወንበር። ጉልበቴ ጠረጴዛው ስር አይገባም። እውቀቱ ግን ገባ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከመግሪብ በኋላ

ሴትዮዋ ተለውጣለች። ጠየቀችን። ከዚያ ዝም። ድሮ ጠይቃ ራሷ ትመልስ ነበር፣ እኛ ደስ ብሎን ተቀብለን እንደግም ነበር። ዛሬ ቆማ ታየናለች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በጣቷ ትቆጥራለች። እኔ ጥግ ስለምቀመጥ አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ምኑን? እኛን እንዳይሆን፣ እኛን ገና ስንገባ ቆጥራናለች።

ሌላም አለ። ገጹን መጀመሪያ እሷ ታነብልን ነበር፣ እኛ ተከትለን። ዛሬ አላነበበችም። ገልጣችሁ ራሳችሁ ጀምሩ አለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። አስነጠሰኝ። ሦስት ጊዜ። ተራው ወደ ወ/ሮ ወርቄ ተላለፈ።

ልንወጣ ስንል ብጣሽ ወረቀት አደለችን። ዛሬ ያልገባችሁን ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም። ልብ በል ደብተሬ፣ ስም አያስፈልግም። ቀበሌ ስም ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ ስም ይፈልጋል። የመንደሩ እድር፣ ቅሬው እንኳ ለለቅሶ ስም ይጠራል። ስም የማይፈልግ ሰው የእጅ ጽሑፍህን የፈለገ ነው። እስከ አምና አውራ ጣቴን ነበር የምሰጣቸው፣ አሁን ደግሞ እጄን በሙሉ?

መላ መታሁ። በር ላይ ቆሜ ለሁሉም በጆሮ፦ «ሁሉም ገብቶኛል» ብላችሁ ጻፉ። ቃሉ አንድ ከሆነ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ሰው ሁሉ አደነቀኝ። አብሮን የሚማረው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አለኝ።

ወርቄ ብቻ አመነታች። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው ናት፣ የአጥር ጎረቤቴ። ያልገባኝ አለ እኮ አያ ሰይድ፣ አለች። ያልገባሽን ለባዕድ ከምትጽፊ ቤቴ መጥተሽ እኔን ጠይቂኝ አልኳት።

«አንተስ ያልገባህን ማንን ትጠይቃለህ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ረጅም ሳቅ።

ጻፈች ግን። አስራ ስምንት ወረቀት፣ አስራ ስምንት «ሁሉም ገብቶኛል»።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። 9 ሰ. ተኩል

ዛሬ ጀልባዬን ሳልቀዝፍ፣ ዝም ብዬ በነፋሱ ድንጋዩ ስር አስጠጋሁ። ሰላይን የሚሰልል ሰው ሰላይ አይባልም።

የወንድ ድምፅ። ከስልኳ ውስጥ። ትልቅ ሰው ነው፣ ረጋ ብሎ ይናገራል። እንዲህ አለ፦ ከጠየቃችሁ በኋላ አትቸኩሉ፣ በልባችሁ ቁጠሩ፣ የማይናገረው ተማሪ እስኪናገር ጠብቁ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚናገረውን ሳይሆን የሚደበቀውን ፈልጉ።

የሚደበቀውን ፈልጉ።

መቅዘፊያዬ ከእጄ ወድቆ ጀልባውን መታው። ወደ ታች አየች። ዓሣ አለ ወይ ጋሽ ሰይድ? አለችኝ። ሞልቷል አልኳት። መረብ አልያዝኩም ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከመግሪብ በኋላ

ተናገርኳት። በቀልድ አድርጌ፣ በሁሉም ፊት። መምህርት፣ ድንጋዩ ላይ የሚያስተምርሽ ሰውዬ ማን ነው? እኛስ የማን ተማሪዎች ነን፣ ያንቺ ወይስ የሱ? ሰው ሁሉ ሳቀ። ታፍራለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

አላፈረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመምህራን ስልጠና ነው አለች። ድሮ ደሴ ድረስ ጠርተው ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጧቸው ነበር፤ የሚያወራው ያወራል፣ የሚያንቀላፋው ያንቀላፋል፣ ሲመለሱ ክፍሉ ያው ነው። አሁን ትምህርቱም ቪዲዮውም በስልክ ይመጣል። የሌላ አገር አስተማሪ በራሷ ክፍል ስታስተምር ታያለች፣ የወደደችውን እኛ ላይ ትሞክራለች፣ የሠራውንና ያልሠራውን ትጽፋለች። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ድንጋዩ ላይ ትወጣለች። የኛን ብጣሽ ወረቀቶችም በስልኳ እያነሳች የስልጠና ማህደሯ ውስጥ ታስገባለች፤ ያንን ለአሠልጣኞቹም ለትምህርት ጽ/ቤቱም ትልካለች።

አላልኩህም ደብተሬ? ወረቀቶቹ ይሄዳሉ።

ሌላው ደግሞ ይኸውልህ፦ አስራ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴት ገና ትማራለች። ሐኪም ሆድህን ሊቀድ ሲል መጽሐፍ ገልጦ ቢያይ ትተኛለታለህ? ይህንኑ ጠየቅኳት።

«ሳያይ ከሚቀደኝ አይቶ ቢቀደኝ ይሻለኛል» አለች። ቀጥላም፦ «እኔም የማላውቀው ብዙ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

በተማሪ ፊት። አስተማሪ እንዲህ ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ወይ የዋህ ናት፣ ወይ እንደኔ ያለውን ሰው አፍ ለማስከፈት የተማረችው ነው። ሁለተኛው ይመስለኛል።

ከዚያ ሃያ ሦስተኛውን ገጽ አንብብልን አለችኝ። ማንም ያላነበበውን። መነጽሬን ረስቻለሁ አልኩ። ወርቄ መነጽር ኖሮህ አያውቅም አለች። ወላሂ ይህች ሴት ቃሪያዋን ራሷ ነው የምትበላው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ከመግሪብ በኋላ

ከየት ልጀምር። ጧት ባለቤቴ ፋጡማ ከጤና ጣቢያ የግፊት መድኃኒት ይዛ መጣች። በትንሽ ፖስታ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ነርሷ ስትነግረኝ ሰው በዝቶ አልሰማኋትም፣ አንብብልኝ አለች። ቀልጠፍ ብዬ አየሁት። ጧትና ማታ አልኳት። አልሐምዱሊላህ የተማረ ባል ያለው አይቸገርም አለች። ደረቴ ሰፋ።

ማታ ክፍል። ወረቀት ታደለ፣ «ሁሉም ገብቶኛል» ተጻፈ፣ አስራ ስምንት። ሰብስባ አንድ በአንድ አየቻቸው። ፊቷ ላይ ሳቅም ንዴትም የለም። ከዚያ ነገረችን።

ጽ/ቤቱ ማህደሯን አይቶታል። ሁሉም የገባው ክፍል አስተማሪ አያስፈልገውም ብለዋል። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉት መንደሮች ገና ሀሁ አልጀመሩም። ወሩ ሲያልቅ ይህ ክፍል ይዘጋል፣ እሷ ወደዚያ። የሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻውን ማህደር ትልካለች፣ በዚያ ያበቃል።

እጇ ወደ ኋላ አልሄደም። ዛሬ አልቆጠረችም።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ እንዲህማ አይሆንም፣ ገና ነን ብለሽ ጻፊላቸው አላት። «እናንተ ያላላችሁትን እኔ ልጽፍ አልችልም» አለች። ስትናገር ያየችው እሱን አልነበረም።

መንገድ ላይ ማንም አላዋራኝም። ባለፈው ሳምንት ያደነቁኝ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ አስበው፣ ተንኮሉ ከጽ/ቤቱ ነው የሚመስለኝ። ወይም ከስልኩ ሰውዬ። ከኔ ሊሆን አይችልም። እኔ እጃችንን ነው ያዳንኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከጥዋቱ 4 ሰ.

ፋጡማ ተኝታለች። ከትናንት ጀምሮ ስትነሳ ምድር ይዞርባታል። ትናንት በረት ስትሄድ አጥሩን ይዛ ቁጭ አለች። ድካም ነው አልኩ። ጾም ነው አልኩ። የምትጾመው ሰኞና ሐሙስ መሆኑን እያወቅኩ።

አሁን ወርቄ ልትጠይቃት ቃሪያ ይዛ መጣች። ፖስታውን ከራስጌዋ አንስታ ጣቷን እያስኬደች፣ ቀስ እያለች፣ እንደ ሕፃን እየቆጠረች አነበበችው። ማታ ማታ አንድ ፍሬ። ከዚያ ፖስታውን ወደኔ ዘረጋችው።

የጠየቀችኝ ፋጡማ ናት። ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አንብበኸው ነበር ወይስ ገምተኸው?»

ተነስቼ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ነኝ። እውነቱን ላንተ እነግርሃለሁ ደብተሬ፣ አንተ ለሰው አትናገርም።

አላነበብኩትም። ልጅ ሆኜ መድረሳ ውስጥ የያዝኩት ሁሉ በጆሮዬ ነው። አንዴ የሰማሁት ከኔ አይወጣም። አንደኛውን መጽሐፍም እንደዚያ ነው የጨረስኩት፤ መ/ርት ሐያት ስታነብ ሰምቼ፣ ተራዬ ሲደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ በቃሌ። ጣቴና አፌ አብረው እንዲያልቁ ብቻ ነበር የምጠነቀቀው። ከደሴ እስከ ወልድያ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ምልክት ሁሉ አነበብኩ ብዬ ያወራሁትም፣ ምግብ ቤቱን በወጡ ሽታ፣ ፋርማሲውን በመስቀሉ ነው።

መጻፍ ይሆንልኛል፣ ወላሂ ይሆንልኛል። የምጽፈው የራሴን ቃል ነው፤ ምን ሊል እንደሆነ ቀድሜ አውቀዋለሁ። የሌላ ሰው ቃል ግን ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። አላምነውም። አራተኛው ቃል ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ከመግሪብ በኋላ

ፋጡማ ተነስታለች። ማታ አንድ ፍሬ ብቻ። ለኔ ግን ምግቤን አቅርባ ዞር ትላለች።

ቀን ጀልባ ውስጥ ሃያ ሦስተኛውን ገጽ ሞከርኩ። ማንም ሳይሰማኝ። ስለ ንብ ነው። ስለ ንብ መሆኑን ያወቅኩት ደግሞ ከሥዕሉ አይደለም። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ ነው። አንድ መስመር ለመጨረስ ጥላዬ ከጀልባው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሄደ። አንድ መስመር። ግን የኔ ነው፣ ማንም አልሰጠኝም።

የስልኩን ሰውዬ አሰብኩት። የሚደበቀውን ፈልጉ ነበር ያለው። ያዙት አላለም። ቅጡት አላለም። እስኪናገር ጠብቁ ነው ያለው። እሷ ደግሞ ጠበቀች፣ እየቆጠረች። እኔ ነኝ በማስነጠስ ያቋረጥኳት።

አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምናትም። ሰው ነች፣ ስልክ አላት።

ማታ ክፍል ሄጄ ምንም አልቀለድኩም። አምስቱ አልመጡም። ከመጡት ማን ሊማር፣ ማን ሊሰናበት እንደመጣ አይለይም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ከቀኑ 9 ሰ.

ድንጋዩ ላይ ወጥታለች። ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እያነሳቻቸው ነው። ዛሬ ነው የምትልከው። ክፍል እስኪገባ ብጠብቅ አልቋል።

ጧት በወርቄ አጥር አልፌ ነበር። ያልገባሽን ጻፊ አልኳት። ከስንት ቀን በፊት ጽፌ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ አኑሬዋለሁ፣ አንተን ነበር የምጠብቀው፣ አንተ ያሳሳትከውን ሰው አንተው መልሰው አለች። ዘበኛውንም አገኘሁት። አንተ ከጻፍክ እጽፋለሁ አለ። አንተ ደግሞ ማን ይሉሃል ብዬ ላላግጥበት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። ይህን ክብር ስፈልገው ኖሬ፣ የመጣው በዚህ በኩል ሆነ።

ወረቀት የለኝም። ደብተሬ፣ አንድ ቅጠል ልገነጥልብህ ነው፣ አውፍ በለኝ። ቀድሜ እዚህ ልጻፈው፦

«አልገባኝም። ሰምቼ እንጂ አይቼ አላነብም። ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ደርሻለሁ። የመድኃኒት ፖስታ ማንበብ አልችልም። ሌሎቹን ገብቶኛል በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሰይድ፣ ዓሣ አጥማጁ።»

ስም አያስፈልግም ብላለች። ይኑርበት።

ስልኳን ከፍ አደረገች። ኔትወርክ እየፈለገች ነው። ከዚህ እስከ ድንጋዩ ሁለት መቶ ቀዘፋ ነው፣ ለሌላ ሰው። ለኔ መቶ ሃምሳ። እሺ፣ መቶ ሰማንያ። እየገነጠልኩ ነው፣ ሳትልክ ላደርስላት።