ኮቴ የሚለየው ዓሣሽ

ለማትጠገቢው ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ ተመስገን።

አደራ ብለሽ የሄድሽው ዓሣ ክንድ አክሏል። አብረውት የነበሩትን ትንንሾች ሁሉ ጨርሶ የመስታወት ገንዳውን ለብቻው ይዞታል። ጣት ካየ አይምርም። እኔ አንዴ ከነከሰኝ ወዲህ በረጅም መቆንጠጫ ነው የማበላው። እናትሽ ግን ባዶ እጇን ትከትለታለች። ትናንት ነከሳት፤ ደሟን ስጠርግላት "ይሄ ዓሣ ይናከሳል እንዴ?" አለችኝ። ዛሬም ነከሳት፤ ዛሬም ያንኑ ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ ምን ትሠራለች? ክዳኑን በገመድ ባስረው "በረሃብ ልትገድለው ነው!" ብላ አለቀሰች። ካበላችው እኮ እጇ እንኳ አልደረቀም።

ለሰው ሰጥቼ ልገላገል እልና ደግሞ እተወዋለሁ። አውሬው ኮቴዋን ለይቶ ወደ መስታወቱ ሲመጣላት ብቻ ነው ፊቷ የሚፈታው። ጨነቀኝ ልጄ፤ ምን ይሻለኛል?

ዓይንሽን እስካይ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ። ዘንድሮ እንደምንም ብለሽ ነዪ። በሩን ስታንኳኪ እናትሽ "ማነው?" ካለች ግን እንደ ድሮው "እኔ ነኝ" ብለሽ ዝም እንዳትዪ። ስምሽን ንገሪያት።

አባትሽ